ቤቱ ሄዶ ቢላዋ ይዞ የተመለሰ ሰው፦ 539 ነው ወይስ 540?

ግራ_የገባው

ሰላም ለዚህ ቤት። ሕግ አልተማርኩም፤ ቃላት ሳታከብዱ አስረዱኝ። በሰፈራችን የሆነ ነገር ነው፣ ስምና ቦታ አልጠራም። ሁለት አብሮ አደጎች ግሮሰሪ ውስጥ ሲጠጡ የድሮ የዕቁብ ገንዘብ ተነሣና ተሰዳደቡ። አንዱ ሌላውን ሰው ፊት በጥፊ መታው። ገላጋይ ገባ። የተመታው «ቆይ ጠብቀኝ» ብሎ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዟል። አንዴ ወጋው። ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ዐቃቤ ሕግ በአንቀጽ 539 ከሷል። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «አስቦበት ነው የገደለው፣ ሞት ይገባዋል» ይላል። ግማሹ «ደሙ ፈልቶ ነው፣ ሰው ፊት ተዋርዶ ምን ያድርግ» ይላል። ሁለቱንም ቤተሰብ አውቃለሁ፣ ሁለቱም ቤት ለቅሶ ደርሻለሁ ማለት ይቻላል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሕጉ «አስቦ ገደለ» የሚለው ስንት ሰዓት ካሰበ ነው?

የቀበና_ልጅ

በሰዓት ቢሆንማ ገዳይ ሁሉ ሩጫ ይለማመድ ነበር።

ሰላም_4ኛ_ዓመት

ቀልዱን ትተን፦ የሕግ ተማሪ ነኝ፣ የማውቀውን ልበል። አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው ነው፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ይሠራል። ሆን ብሎ ሰው መግደልን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፣ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት። 540 ተራ የሰው ግድያ፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ቀላል የሰው ግድያ፣ ከ5 ዓመት ያልበለጠ ቀላል እስራት። ከ5 ዓመት ቀላል እስራት እስከ ሞት ማለት ነው፤ ሟች በሦስቱም ሟች ነው። ሰፈሩ ለምን እንደተከፈለ ከዚህ ይገባሃል።

ስንት ሰዓት ለሚለው፦ ሕጉ ሰዓት አይቆጥርም። ከዚያም በላይ «አስቀድሞ ማሰብ ማለት ይህ ነው» ብሎ የሚፈታ አንቀጽ የለውም። አንቀጽ 58 ስለ ማሰብ ይናገራል፤ እሱ ግን የሚናገረው ውጤቱን አውቆና ፈልጎ ስለ ማድረግ ወይም «ሊደርስ ይችላል፣ ይድረስ» ብሎ ስለ መግባት ነው። ያ ለ540ም ያስፈልጋል። ሳያስብ የገደለ ሰው 540 ውስጥም አይገባም፤ ቸልተኛ ከሆነ ወደ 543 ይሄዳል።

እህት_ዓለም

ግማሽ ሰዓት እኮ ብዙ ነው! ቤቱ ሄደ፣ መሳቢያ ከፈተ፣ ቢላዋ መረጠ፣ በሩን ዘጋ፣ መንገድ ተሻገረ። በያንዳንዱ እርምጃ «ተመለስ» የሚል ኅሊና አለው። ይኼ አስቦ መግደል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የሟች ወገን ሆናችሁ ብታዩት እንዲህ አትከራከሩም። እኔ የሟች ወገን ሆኜ አውቃለሁ፤ ዳኛው «ተራ የሰው ግድያ» ሲል ችሎት ውስጥ ሰምቼ ተነሥቼ ወጥቻለሁ። ሰው ሞቶ ምኑ ነው ተራ?

የድሮ_ዐቃቤ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ያ ቃል የሟች ቤተሰብ ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ችሎት ቆሜ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ዛሬም አልወደውም።

ስለ ጉዳዩ ግን ዝርዝሩን ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ፣ አንዳንድ ወጣት ዐቃቤ ሕግም ጭምር፣ «አስቦበት ነበር» ካልን 539 ደረስን ብሎ ያስባል። አንቀጹ እንዲህ አይልም። 539 ንዑስ አንቀጽ 1 ፊደል ሀ የሚጠይቀው ገዳዩ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን ነው። ይህን ከምን እናውቃለን? ሕጉ መመልከቻዎቹን ይዘረዝራል፦ አስቀድሞ ማሰቡ፣ የተነሣበት ምክንያት፣ የተጠቀመበት መሣሪያ ወይም ዘዴ፣ የአፈጻጸሙ ሁኔታ፣ ሌሎች ቅጣት ማክበጃዎችም። ስለዚህ አስቀድሞ ማሰብ ምልክት ነው። ምልክቱ የሚያሳየው ነገር፣ የሰውየው ጭካኔ ወይም አደገኛነት፣ አብሮ ካልተረጋገጠ 539 አይቆምም። ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ነገር ነው የሚያስረዳው፤ ብዙ ጊዜ ክሱ ላይ የሚታየው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የዚህ ግልባጭም አለ። አስቀድሞ ምንም ሳያስብ 539 ውስጥ የሚገባ አለ። ሌባ ሊሰርቅ ገብቶ ዘበኛው ድንገት ሲነቃ ተኩሶ ቢገድለው፣ ለመግደል ያሰበው በሰከንድ ውስጥ ነው። ግን ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የተፈጸመውን ለመሸፈን ስለገደለ በዚያው አንቀጽ ፊደል ሐ ይጠየቃል። ለግድያ ወይም ለትጥቅ ዘረፋ የተደራጀ ቡድን አባል ሆኖ የገደለም በፊደል ለ እንደዚሁ። ሁለቱም ላይ «ስንት ሰዓት አሰበ» የሚል ጥያቄ የለም።

አሌክሳንድሪያ_ነኝ

ጋሼ፣ የሚገርም ነው። እዚህ ቨርጂኒያ የምንሰማው ሌላ ነው። እዚህ አስቀድሞ ማሰብ ራሱ በሩ ነው። ሆን ብሎ፣ አመዛዝኖና አስቀድሞ አስቦ የገደለ አንደኛ ደረጃ ይባላል፣ ከ20 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ። አለዚያ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከ5 እስከ 40 ዓመት። የሞት ቅጣት እ.ኤ.አ. በ2021 ቀርቷል። ፍርድ ቤቶቹ ደግሞ ሐሳቡ ለተወሰነ ጊዜ አእምሮ ውስጥ መቆየት የለበትም ይላሉ፤ ከድርጊቱ በፊት ለቅጽበት ከመጣም ይበቃል። ለጁሪ (ከሕዝብ ተመርጦ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብሎ ለሚወስነው ቡድን) ተጠርቼ ስቀመጥ የገባኝ ይኼ ነው፦ ዐቃቤ ሕጉ «ተከሳሹ ሁለቴ ተኮሰ፣ በሁለቱ ተኩስ መሃል አሰበ» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

የድሮ_ዐቃቤ

ልክ ነው ወንድሜ፣ የናንተ ደረጃ አከፋፈል ፔንሲልቬኒያ እ.ኤ.አ. በ1794 ያወጣችው ነው። ዓላማው የሞት ቅጣትን ለማጥበብ ነበር፦ ገዳይ ሁሉ አይሰቀል፣ አስቦ የገደለው ብቻ። ከዚያ ፍርድ ቤቶቹ «ለማሰብ የሚያንስ ጊዜ የለም» እያሉ በሩን መልሰው አሰፉት። እኔ ይኼን ስህተት ነው እላለሁ። ቅጽበት ከበቃ አንደኛና ሁለተኛን የሚለየው ምን ቀረ?

ሰላም_4ኛ_ዓመት

ካሊፎርኒያ እኮ ለማጥበብ ሞክራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሦስት ነገር እንመልከት አለ፦ ዝግጅት ነበረ ወይ፣ የሚያነሣሣ ምክንያት ነበረ ወይ፣ አገዳደሉስ አስቀድሞ የተወጠነ ይመስላል ወይ። የጉዳዩ ፍሬ ነገር ግን የሚዘገንን ነው። ተከሳሹ የ10 ዓመት ሕፃን ላይ ከ60 በላይ ቁስል አድርሶ ነው የገደላት። ፍርድ ቤቱ ዝግጅት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ አወረደው።

እህት_ዓለም

ምን???

ሰላም_4ኛ_ዓመት

እውነት ነው። ክፍል ውስጥ ስንወያይ የሁላችንም ምላሽ ያንቺው ነበር። በኛ ሕግ ግን ይኼ ሰው ከ539 የሚያመልጥ አይመስለኝም። አስቀድሞ አላሰበም እንበል፤ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ብቻውን ጨካኝነቱን ይናገራል፣ የሟቿም ዕድሜ በአንቀጽ 84 ቅጣት ማክበጃ ነው። ሕጋችን በሩን በአንድ ቁልፍ ብቻ ስላልዘጋ ነው። እኔ የኛን አቀራረብ እመርጣለሁ።

አሌክሳንድሪያ_ነኝ

ይኼን አላውቅም ነበር። በርግጥ የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ እ.ኤ.አ. በ1981 ሕጉን አሻሽሎ ተከሳሹ የድርጊቱን ክብደት በብስለት አውጥቶ አውርዶ ነበር ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም ብሏል። ግን ሦስቱ መመልከቻዎች አሁንም ይጠቀሳሉ።

የጎንደር_ሰው

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ጋ ያለውን ንገሩኝ። አባቱ ሲሞት ሕፃን የነበረ ልጅ አድጎ፣ ጠመንጃ ገዝቶ፣ የአባቱን ገዳይ ገበያ ሲሄድ ጠብቆ ይገድላል። ከዚህ የበለጠ አስቀድሞ ማሰብ አለ? ዓመታት ነው። ግን ያን ልጅ ሰፈሩ ጨካኝ አይለውም፤ ባይገድል ነበር ፈሪ የሚባለው፣ ሚስት እንኳ አይሰጡትም። ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜ ልክ ይፈርድበታል። ባይሆን ሽማግሌ ገብቶ ደም ካልደረቀ ከሱ ቤት ደግሞ ሌላ ይሄዳል።

የድሮ_ዐቃቤ

እዚህ ጋ ነው ጥያቄው የሚከብደው። ደም መላሽ ሲከሰስ ብዙ ጊዜ በ539 ነው፤ እኔም ከሥራዬ ዘመን ብዙዎቹን እንደዚያ ከስሻለሁ። አድብቷል፣ መሣሪያ አዘጋጅቷል፣ ቦታና ሰዓት መርጧል። አንዳንዴ ደግሞ የሚገደለው ራሱ ገዳዩ አይደለም፤ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ነው፣ ምንም ያላደረገ ሰው። ያ ለእኔ አደገኛነትን በደንብ ያሳያል።

ተከላካይ ጠበቆች በበኩላቸው የቅጣት ማቅለያውን አንቀጽ 82ን ይዘው ይመጣሉ፤ ክብርን ወይም የማኅበረሰቡን እምነት ተከትሎ ነው እንጂ በክፋት አይደለም ይላሉ። አንዳንዱ ዳኛ ይሰማል፣ አንዳንዱ አይሰማም። የዕርቅ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው ያምታታዋል፦ ሽማግሌ አስታረቀ፣ ካሳ ተከፈለ ማለት የግድያ ክሱ ተዘጋ ማለት አይደለም። ከልብ መጸጸቱንና ጉዳቱን ለመካስ መሞከሩን ስለሚያሳይ በቅጣት ላይ ግን ይረዳል።

የጎንደር_ሰው

እግዜር ይስጥልን። ግን ልብ በሉ፣ አባቶቻችን ይኼን ልዩነት ያውቁት ነበር። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35ን አንብቡ። ሳያስብ የገደለ ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሻል፤ ጠልቶ፣ አድብቶ የገደለ ግን አይማፀንም። ፍትሐ ነገሥትም ሆን ብሎ የገደለንና ሳያስብ ያጠፋን ለያይቶ ነው የሚፈርደው።

ሰላም_4ኛ_ዓመት

ስለ ምንጩ አንድ ነገር ልጨምር። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው ዣን ግራቨን የሚባል የስዊዝ ፕሮፌሰር ነው። በዚያ ሕግ 522፣ 523ና 524 ነበሩ የዛሬዎቹ 539፣ 540ና 541፤ አወቃቀራቸው ብዙ አልተለወጠም። የስዊዝ ሕግ በዚያን ጊዜ ከባድ ግድያን የሚገልጸው ልክ እንደኛ ነበር፦ የተለየ ነውረኝነትን ወይም አደገኛነትን በሚያሳይ ሁኔታ ወይም ያንኑ በሚያሳይ አስቀድሞ ማሰብ። የሚያስገርመው ግን ስዊዞች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ አስቀድሞ ማሰብን ከአንቀጹ አውጥተውታል። አሁን የሚጠይቁት ገዳዩ በተለየ ሁኔታ ርኅራኄ ቢስ ነበር ወይ፣ ምክንያቱ፣ ዓላማው ወይም አገዳደሉ በተለይ የሚያስጠላ ነበር ወይ ነው። እኛ ሕጋችንን በ1996 ስናድስ ግን ቃሉን እዚያው ትተነዋል።

የቀበና_ልጅ

ለምን አወጡት? ስዊዝ ሰው ሳያስብ አይገድልም እንዴ፣ ሰዓት ሠሪዎች አይደሉ?

ሰላም_4ኛ_ዓመት

ሃሃ። ብዙ ያሰበ ሁሉ የከፋ ስላልሆነ ነው። አንድ ምሳሌ ውሰድ። ባሏ ለዓመታት የሚደበድባት ሴት፣ ፖሊስም ቀበሌም አልረዳት ሲል፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ትገድለዋለች። ለሳምንታት አስባለች፣ አልቅሳለች፣ ጸልያለች፣ ሐሳቧን ቀይራ መልሳ ይዛዋለች። አስቀድሞ ማሰብ ከተባለ ከዚህ በላይ የለም። ከእሷና ጎዳና ላይ በማያውቀው ሰው ፊት ጨክኖ ቢላዋ ከመዘዘው ማን ነው አደገኛው?

እህት_ዓለም

የሷ ይገባኛል። ግን የሷ ጉዳይና የግሮሰሪው ሰውዬ ምን አገናኛቸው? እሱ በጥፊ ነው የተመታው።

የድሮ_ዐቃቤ

ልክ ብለሻል፣ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። አሁን ወደ ጥያቄው ልግባ።

መጀመሪያ 541ን እናውጣው። ሰፈሩ «ደሙ ፈልቶ ነው» የሚለው 541 ነው፦ በከባድ ተንኳሽነት ምክንያት፣ በድንገተኛ ደራሽ ነገር፣ ወይም ሁኔታው ሊያስረዳውና በተወሰነ ደረጃ ይቅር ሊያሰኘው በሚችል ብርቱ ስሜት ተገፋፍቶ የገደለ። ጥፊ ሰው ፊት ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን ድንገተኛነቱ የት ሄደ? እህት_ዓለም እንዳለችው ቤቱ ድረስ ሄዷል። ያ ግማሽ ሰዓት 541ን ገድሎታል።

ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። 541 ከሞተ 539 ተወለደ ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ እሱ 540 ነው። ስሜቱ ይቅር የማይባል፣ ግን ሰውየው በተለየ ሁኔታ ጨካኝ ወይም አደገኛ የማይባልበት ግድያ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ለዚህ ነው ሕጉ ከ5 እስከ 20 ብሎ የለጠጠው። እኔ አሁን ባለው ፍሬ ነገር 540 ነው እላለሁ፣ ቅጣቱ ግን ወደ ላይኛው ጫፍ የቀረበ።

አንድ ነገር ግን ጨምርልኝ፦ ቢላዋው የማን ነው? ከተወጋ በኋላ ምን አደረገ? ውጭ ቆሞ ያየው አለ? ጠበቃ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ይኼን ነው እንጂ ሰዓት ቆጥሮ አይደለም።

ነታንያ_ያለሁ

በመሃል ልግባ፣ እዚህ እስራኤል ይኼው ክርክር ነበር። ድሮ ነፍስ ግድያ የሚባለው በዋናነት አስቀድሞ በማሰብ የተፈጸመው ነበር፤ ሦስት ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ለመግደል መወሰን፣ መዘጋጀት፣ ተንኳሽ ነገር አለመኖር። ቅጣቱ ግዴታ ዕድሜ ልክ። ፍርድ ቤቶች ግን መዘጋጀቱንም መወሰኑንም በቅጽበት ውስጥ ሊሆን ይችላል እያሉ ሦስቱን ወደ አንድ ጨመቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ ተለወጠ። አሁን መሠረታዊ ነፍስ ግድያ አለ፣ እስከ ዕድሜ ልክ ሊያስቀጣ የሚችል። ከባዱ ደግሞ የተዘረዘሩ ማክበጃዎች አሉት፣ ግዴታ ዕድሜ ልክ። ከማክበጃዎቹ አንዱ ከዕቅድ በኋላ ወይም ሰውየው በእርግጥ አመዛዝኖ ለመግደል ከወሰነ በኋላ የተፈጸመ ግድያ ነው። «በእርግጥ» የሚለውን አስምሩበት፤ ቅጽበቷ አትበቃም ለማለት ነው። የግሮሰሪው ጉዳይ እዚህ ቢሆን ክርክሩ በሙሉ እዚያ ግማሽ ሰዓት ላይ ነበር የሚሆነው።

ግራ_የገባው

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ጋሼ ለጠየቁኝ፦ ቢላዋው የእናቱ ነው፣ ሽንኩርት መክተፊያ። ከወጋው በኋላ አልሮጠም፤ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፖሊስ መጥቶ ያዘው። ውጭ ቆሞ ያየው ግን አለ። ጎረቤት ያለች ሱቅ ሻጭ «ከመግባቱ በፊት በሩ አጠገብ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ነበር» ብላ ቃል ሰጥታለች። የክሱ ዋና ምስክር እሷ ናት።

ከእናንተ ሌላ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። የደወለው ለታላቅ ወንድሙ ነበር። ወንድሙ እንደነገረኝ «ቶሎ ናና ከዚህ ውሰደኝ» ብሎታል። ወንድሙ ማዶ ሰፈር ነበር፤ ሲደርስ አልቋል።

እህት_ዓለም

አየህ! አውቆታል። የሚያደርገውን አውቆ፣ ቆሞ አስቦ፣ ከዚያ ገባ። እኔ ብያለሁ።

አሌክሳንድሪያ_ነኝ

እዚህ ቢሆን ያ ስልክ ለዐቃቤ ሕግ ወርቅ ነበር። አስቀድሞ ማሰቡን በራሱ አፍ መሰከረ ማለት ነው። ጁሪው ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

ሰላም_4ኛ_ዓመት

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ሰውየው ከራሱ ጋር እየታገለ ነበር። በተለየ ሁኔታ አደገኛ የሆነ ሰው «ውሰደኝ» ብሎ ይደውላል?

የድሮ_ዐቃቤ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ እንዲያውም ይኼ ስልክ ከመጀመሪያው ስናወራው የነበረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳያል። እህት_ዓለም ያለችው ተረጋግጧል፦ አስቧል። ከዚህ በኋላ «በስሜት ተወስዶ ነው» የሚል ጠበቃ ጊዜውን ያባክናል። ግን ያው ማስረጃ አስቀድሞ ማሰቡን ሲያሳይ ጭካኔውን አላሳየም፤ ተቃራኒውን ነው የሚያሳይ። ያቀደ ሰው አይደውልም፣ ቢደውልም ለግብረ አበር ነው። ይኼ ሰው እንዲያስቆሙት ነው የደወለ። ከዚያ አንዴ ወጋ፣ አልደገመም፣ አልሸሸም፣ አልካደም። እንግዲህ 539 አስቀድሞ ማሰብን ብቻውን ቢጠይቅ ኖሮ ሰውየው እዚህ ላይ አለቀለት። ሕጉ ግን ያን ማሰብ ምን ዓይነት ሰው እንዳሳየ ነው የሚጠይቅ።

የዐቃቤ ሕጉም ክርክር አለው፣ አልሸፍነውም። «ኅሊናው ነግሮት፣ ወንድሙን ጠርቶ፣ ያንን ሁሉ ረግጦ የገባ ሰው ከማንም በላይ አደገኛ ነው» ይላል። ጥሩ ዐቃቤ ሕግ ከሆነ እንዲህ ይላል። እኔ በቦታው ብሆን እንደዚያ እል ነበር ይሆናል። ዳኛ ብሆን ግን አልቀበለውም።

የቀበና_ልጅ

ጋሼ፣ እንዲህ ካሉማ ክስ በምን ይዘጋጃል? ዐቃቤ ሕጎቹ ለምን ሁሌ 539 ይላሉ?

የድሮ_ዐቃቤ

ልጄ፣ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ የሟች ቤተሰብ ግፊት አለ፤ 540 ብለህ ስትከስ ተሽጠሃል ይሉሃል። ሁለተኛ፣ ከላይ ጀምሮ መውረድ ይቻላል፣ ከታች ጀምሮ መውጣት ግን ይከብዳል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 ንዑስ 2 መሠረት ማስረጃው ከተከሰሰበት ያነሰ ወንጀል ካስረዳ፣ ክሱ ላይ ባይጻፍም ፍርድ ቤቱ በዚያ ባነሰው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ 539 ብሎ ይከፍታል፣ ዳኛው 540 ብሎ ይፈርዳል። ዋስትናም በሁለቱም አይፈቀድም፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ 63 ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣን ወንጀል ከዋስትና ይከለክላል፣ 540 ደግሞ እስከ 20 ይደርሳል። ለተከሳሹ እስር ቤት ውስጥ ያለው ልዩነት እስከ ፍርዱ ቀን የለም።

እህት_ዓለም

የሞት ፍርዱስ? ሰፈሩ ሞት ይገባዋል ብሎ ነበር።

የድሮ_ዐቃቤ

የሞት ፍርድ በ539 ቢሉትም እንኳ ቀላል አይደለም። አንቀጽ 117 የሚፈቅደው ፍጻሜ ላገኘ ወንጀል፣ ለተለየ አደገኛ ሰው፣ ምንም ማቅለያ በሌለበት ብቻ ነው። የሙከራ ወንጀል ላይ፣ ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ላይ አይቻልም። ተፈርዶም ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀ አይፈጸምም። በአገራችን የሞት ቅጣት ተፈጽሞ በይፋ የተሰማው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን ክንፈ ገብረመድኅንን የገደለው ሰው ላይ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ መጠየቅ ይችላል። ለሟች ቤተሰብ ይኼ መራራ እንደሆነ አውቃለሁ።

አስተባባሪ

ወገኖች፣ ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ያለ ነው። ከዚህ በላይ ግሮሰሪውን ወይም ሰፈሩን የሚያሳውቅ ነገር አትለጥፉ። ሦስት መልእክት አጥፍቻለሁ።

ግራ_የገባው

ይቅርታ አስተባባሪ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ። ወንድሙ የተባለው ሰው የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። የተከሳሹ ጠበቃም በመንግሥት የቆመለት ተከላካይ ነው፣ ብዙ ጊዜ አላገኘነውም። ወንድሙ «ዘመድ ስለሆንኩ አይሰሙኝም» ብሎ ተቀምጧል።

የድሮ_ዐቃቤ

ተነሥ በለው። ዘመድነት ምስክርነትን አያስቀረውም፤ ክብደቱን ነው ዳኛው የሚመዝነው። ለዚያም ነው ቃሉ ብቻውን የማይበቃ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ፍርድ ቤቱ ተከላከል ካለ፣ ወንድሙ መከላከያ ምስክር ሆኖ ይቆጠር። ጠበቃው ደግሞ ያን ዕለት ከተከሳሹ ስልክ የተደወለው ጥሪ ሰዓቱና ቆይታው ከቴሌ እንዲመጣ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ያስጠይቅ። ወረቀቱ የተባለውን ነገር አይናገርም፤ የተደወለበትን ደቂቃ ግን ይናገራል፣ ሱቅ ሻጯ ያየችውን ሰዓት ያጸናል። የዐቃቤ ሕግን ዋና ምስክር ለመከላከያ ታመጣታለህ ማለት ነው።

ከዚያ ሱቅ ሻጯ ቃሏን ስትሰጥ መስቀለኛ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ «ስልኩን ሲያወራ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?» እሷ ምን እንደምትመልስ ጠበቃው አስቀድሞ ካላወቀ ግን አይጠይቅ።

ግራ_የገባው

ለወንድሙ አሁን እየደወልኩ ነው።